የተሰረዘ፣ የተፋቀ፣ የተደመሰሰ

አሶሳ ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ የማንጎ ጥላ ይፈልጋል። የኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ግን ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ማራገቢያውን ወደ ራሱ ሳይሆን ወደሚሠራው ላፕቶፕ አዙሮታል። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሦስት ላፕቶፖች አሉ። ከጠረጴዛው ሥር፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች እንደ መጻሕፍት በጎናቸው ተደርድረዋል። አንዱን መዘዝኩና ዋጋውን ጠየቅሁ።

«ፎርማት አድርጌዋለሁ ጋሼ፤ ምንም የለበትም፣ ንጹሕ ነው።»

500 ጊጋባይት የሚይዝ የላፕቶፕ ዲስክ ነው። የንብረት መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። በጨረታ ከተወገደ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ የወጣ መሆኑን ልጁ ራሱ ነገረኝ፤ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጽፍም። ከፈልኩና አንድ ነገር ለመንኩት፦ በእውነት ንጹሕ መሆኑን አሁን አብረን እንይ። ደንበኛ አልነበረውም፤ ፈገግ ብሎ ሰካው። ከጎኑም የሚወጣውን የሚቀበል ሌላ ባዶ ዲስክ ሰካ።

ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ክሪስቶፍ ግርኒየ የሚባል ፈረንሳዊ ነው የጻፈው። የሚጫን አዝራር፣ የሚከፈት መስኮት የለውም፤ በጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል ብቻ ይሠራል። እንዴት እንደሚሠራ ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ በመንጌና በኩርሙክ ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡትን ያየ ሁሉ ይገባዋል። ወርቅ አጣቢ የአፈሩን ስም አይጠይቅም። በገበቴው ይዝቃል፣ ያጥባል፣ የሚያብለጨልጨውን ይለቅማል። ፎቶሬክም የዲስኩን ማውጫ ትቶ አፈሩን ራሱን ያጥባል። የጄፔግ ፎቶ ሁሉ በተመሳሳይ ሦስት ባይቶች ይጀምራል፤ በአሥራ ስድስት ቤት አጻጻፍ ኤፍኤፍ፣ ዲ8፣ ኤፍኤፍ ናቸው። ፕሮግራሙ እነዚህን ባየ ቁጥር «እዚህ ፎቶ ነበረ» ብሎ ያወጣዋል። የኤክሴልና የወርድ ፋይሎችም የየራሳቸው መነሻ ምልክት አላቸው።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ንጹሑ» ዲስክ መስጠት ጀመረ። ፋይሎቹ ስም የላቸውም፤ «ኤፍ» የሚል ፊደልና ረጅም ቁጥር ብቻ ናቸው፤ ስማቸው ከማውጫው ጋር ጠፍቷል። ልጁ የመጀመሪያውን ኤክሴል ከፈተ። ሠንጠረዥ ነው፦ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ብሔር፣ የተፈናቀሉበት ቀበሌ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክ። ሁለተኛው የተቃኘ ወረቀት ነበር፤ በየስሙ አንጻር የአውራ ጣት አሻራ በሰማያዊ ቀለም ታትሞበታል። ሦስተኛው የሕክምና ሪፖርት ነው። አራተኛው ለጉርድ ፎቶ ግድግዳ ጥግ የቆመች፣ ፀጉሯ በአቧራ የቀላ ትንሽ ልጅ ናት።

አምስተኛውን አልከፈተም። ሥራውን አስቁሞ ወንበሩን ከጠረጴዛው አራቀ።

«ይኼማ የሰው ነገር ነው፤» አለ።

* * *

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሦስት ቃል አለው፤ ሦስቱም አንድ አይደሉም። ሰረዘ ማለት በጽሑፉ ላይ መስመር ሳበበት ማለት ነው። ከመስመሩ ሥር ያለው ቃል ይነበባል፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስሕተቱን ሰርዞ ሲፈርምበት የተሰረዘው እንዲታይ ሆኖ ነው። ፋቀ ማለት በካራ ከብራናው ላይ ቀለሙን ላጠ ማለት ነው። በድሮ የብራና መጻሕፍት ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ተጽፎ ማግኘት የተለመደ ነው፤ የተፋቀው ስምም በልዩ ብርሃን ሲታይ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ደመሰሰ ግን ከነምልክቱ አጠፋ፣ ምንም እንዳልነበረ አደረገ ማለት ነው።

ኮምፒውተራችን ላይ «ዲሊት» ስንል የምንሠራው የመጀመሪያውን ነው። ዊንዶውስ በዲስኩ ላይ ዋና ማውጫ አለው፤ የእያንዳንዱ ፋይል ስምና የተቀመጠበት ቦታ በዚያ ተመዝግቧል። ፋይል ሲሰረዝ፣ ከሪሳይክል ቢንም ሲወጣ፣ ማውጫው ላይ «ይህ ቦታ ነጻ ነው» የሚል ምልክት ይደረጋል እንጂ ይዘቱን የሚነካው የለም። ሌላ ፋይል መጥቶ እላዩ ላይ እስኪጻፍ ድረስ፣ ለወራትም ለዓመታትም፣ እዚያው ይተኛል። ፎርማትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዊንዶውስ ሲጠይቀን ምልክቱ አስቀድሞ የተደረገበት ፈጣኑ ፎርማት ነው፤ እሱ አዲስ ባዶ ማውጫ ከማስቀመጥ ያለፈ ሥራ አይሠራም። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት በዲስኩ ሁሉ ላይ ዜሮ ይጽፋል። ነገር ግን ሰዓታት ይወስዳል፤ ደንበኛ ደጅ ቆሞ በሚጠብቅበት ጥገና ቤት ማንም አይመርጠውም።

ልጁን አልወቅሰውም። «ፎርማት የተደረገ» ሲለኝ የሚያውቀውን እውነት ነገረኝ። ይህ ስሕተት የአሶሳም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲምሶን ጋርፊንክልና አቢ ሸላት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው ያጠኑትን አሳተሙ። ከሠሩት 129 ዲስኮች በአግባቡ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች አገኙ፤ አንዱ ዲስክ ከባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን የወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጋና ተማ ገበያ ላይ ጋዜጠኞች በ40 ዶላር በገዙት ዲስክ ውስጥ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ መከላከያ ሥራ ተቋራጭ ሰነዶች ተገኝተዋል።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የጀርመኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንደዘገበው፣ ማቲያስ ማርክስ የሚባል የደኅንነት ተመራማሪ በኢንተርኔት ገበያ ላይ በ68 ዶላር አንድ ያገለገለ የአሻራ መመዝገቢያ መሣሪያ ገዛ። በውስጡ ባለው የማስታወሻ ካርድ ላይ የ2,632 ሰዎች ስም፣ ዜግነት፣ ፎቶ፣ የጣት አሻራና የዓይን ምስል እንዳለ ነበር። መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2012 አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ካንዳሃር አጠገብ ነው። ዝርዝሩ ላይ ከነበሩት አንዳንዶቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የሠሩ ይመስሉ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ አገሩን የሚገዛው ተለውጧል፤ ካርዱ ግን አልተለወጠም።

* * *

ይህን አሶሳ ላይ ተቀምጦ ማሰብ ሌላ ክብደት አለው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት አምስት ነባር ብሔረሰቦችን ይጠራል፦ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ። ከእነሱ ጋር ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የመጡ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ። በ2011ና በ2013 ዓ.ም. መካከል በካማሺና በመተከል ዞኖች ሰዎች በብሔራቸው ተለይተው ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ማለዳ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቆ ነበር። ስምን፣ ብሔርንና መኖሪያን በአንድ መስመር የሚያኖር ሠንጠረዥ እንዲህ ባለ አገር ቢሮ ውስጥ ሲሆን የእርዳታ መዝገብ ነው፤ ከቢሮ ሲወጣ ምን እንደሚሆን የሚወስነው እጁ የገባው ሰው ነው።

ክልሉ የስደተኞች ምድርም ነው። የሸርቆሌ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የባምባሲ በ2012 ተከፈቱ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ሌሎች ብዙዎች ገብተዋል፤ ኡራ የሚባል አዲስ ሰፈራም ተዘጋጅቶላቸዋል። ስደተኛ ሲመዘገብ ከስሙ ጋር የጣት አሻራውና የዓይኑ ምስል ይወሰዳል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ዓይን አይቀየርም። ዋናው የምዝገባ ሥርዓት ጥበቃ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዋናው ሥርዓት የሚንጠባጠበው ነው፦ ለሪፖርት ተብሎ ወደ ኤክሴል የተገለበጠው፣ ለስብሰባ በፍላሽ የተወሰደው፣ በአንድ የመስክ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ «ለጊዜው» ተቀምጦ የተረሳው ዝርዝር።

ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው ወረዳዎች የፖስታ ቤቱን ሥራ የሚሠራው ፍላሽ ነው። ሪፖርት በሹፌር ኪስ ይጓዛል። ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል ሲደርስ በየመንገዱ ኮምፒውተር ላይ አንድ አንድ ቅጂ ይጥላል። ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው አንዱን ሲሰርዝ የቀሩት ስንት እንደሆኑ እንኳ አይቆጥርም።

ማሽኖቹም እያረጁ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው፣ ወረዳኔት በተባለው የወረዳዎች ኔትወርክ ወደየወረዳው የገቡት ኮምፒውተሮች ዘመናቸው ካለፈ ቆይቷል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ሲያቆም፣ ወደ አዲሱ መሸጋገር የማይችሉ ብዙ ላፕቶፖች የመወገጃ ጊዜያቸው ቀረበ። ያየኋቸው የንብረት ማስወገጃ ቅጾች የዕቃውን ዓይነት፣ መለያ ቁጥር፣ የተገዛበትን ዋጋና ያለበትን ሁኔታ ይጠይቃሉ። በውስጡ የማን ስም እንዳለ የሚጠይቅ መስመር ግን የለባቸውም። ጠረጴዛ የሚወገድበት ቅጽ ነው ላፕቶፕም የሚወገድበት።

ሕጉ ከቅጹ ቀድሟል። መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጽድቋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ብሔርን፣ የጤና ሁኔታንና ባዮሜትሪክን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይቆጥራቸዋል፤ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይም ያዛል። በዚያ ካርቶን ውስጥ የነበረው ዲስክ በሦስቱም በኩል የሚነካ ነበር።

* * *

እዚህ ላይ ቸኩዬ «አሁኑኑ ደምስሰው» ልለው ነበር። የከለከለኝ ራሱ ልጁ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ዝርዝር ሌላ ቦታ ባይኖርስ?»

ትክክል ነበር፤ ብዙ የደኅንነት መመሪያ የሚዘለው ጥያቄ ይህ ነው። ከመተከልም ከካማሺም የሸሸ ሰው መታወቂያውን፣ የመሬት ደብተሩን፣ የልጁን የትምህርት ማስረጃ ጥሎ ነው የወጣው። እዚያ ቤት እንደነበረው፣ በዚያ ቀበሌ እንደኖረ የሚመሰክርለት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። የመንግሥት መዛግብትም እንደ ግል ዕቃ እንዳሻ የሚጣሉ አይደሉም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 የወጣው ሊቀመጥ የሚገባው እንዲቀመጥ ነው። አንዱ ሕግ አጥፋ ይላል፣ አንዱ ጠብቅ ይላል፤ ሁለቱም የሚሉት ስለ አንዱ ሰው ነው። ሰውየው ስሙ በመዝገብ ቤት እንዲኖር፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ደግሞ እንዳይኖር ይፈልጋል።

ልጁ ላፕቶፖቹን ያስረከቡትን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ያውቃቸዋል፤ ደወለላቸው። በማግስቱ ጠዋት መጡ። ጡረታ የቀረባቸው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወንበር ጫፍ ላይ የሚቀመጡ ሴት ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሠራህብኝ?»

«እኔ ምንም አልሠራሁም እትዬ። ይምጡና ይዩት።»

ኤክሴሉን ከፈተላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ፣ እንደ መዝገብ ቤት ሰው፣ ከላይ ወደ ታች አነበቡ። አንድ ስም ላይ ቆሙ። «ይህችን አውቃታለሁ። ልጆቿን ይዛ በእግሯ ነው የመጣችው።» ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያነበቡት።

የዋናው መዝገብ ቅጂ ቢሮ ውስጥ መኖሩን ያውቃሉ፤ የአሻራዎቹ ቅኝት መኖሩን ግን እርግጠኛ አልነበሩም። ቢሮ ደውለው አስፈለጉ። ወረቀቱ በፋይል ካቢኔ ውስጥ ተገኘ። አንድ ዝርዝር ግን የትም አልነበረም፤ እሱን ባመጡት የመሥሪያ ቤቱ ውጫዊ ዲስክ ላይ በፊታቸው ቀዳላቸውና በይለፍ ቃል ቆለፈው። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

«አሁን አጥፋው፤» አሉ።

* * *

ለመደምሰስ የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ዊንዶውስ ላይ ሲኤምዲ ተብሎ በሚጠራው ጥቁር መስኮት ውስጥ ሰይፈር የሚባል ትእዛዝ አብሮ ይመጣል። ከስሙ ቀጥሎ ያዘመመ ሰረዝ፣ ዳብሊው፣ ሁለት ነጥብና የዲስኩ ፊደል ሲጻፍለት ፋይሎችን ሳይነካ ባዶ የተባለውን ቦታ ሁሉ ሦስት ጊዜ ይሸፍናል፦ መጀመሪያ በዜሮ፣ ቀጥሎ በኤፍኤፍ፣ መጨረሻ በዘፈቀደ ቁጥሮች። ማርክ ሩሲኖቪች እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፈው ኤስዲሊት የተመረጠ ፋይልን እላዩ ላይ ጽፎ ያጠፋል። በሊኑክስ በኩል ኮሊን ፕለም የጻፈው ሽሬድ አለ።

አንድሩ ዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ብሊችቢት ደግሞ በመስኮትም በትእዛዝም ይሠራል። እሱን የምመክረው ገና ሥራ ላይ ላለ ኮምፒውተር ነው። ሰው ዝርዝሩን ቢሰርዝ እንኳ ወርድ በጊዜያዊ ማህደር የተወው ቅጂ፣ የብራውዘሩ ታሪክ፣ የቅርብ ፋይሎች ዝርዝር ይቀራሉ፤ ብሊችቢት እነዚህን ይለቅማል። ትልቁ ደግነቱ ቅድመ እይታው ነው፦ ከማጥፋቱ በፊት ምን ምን እንደሚያጠፋ ዘርዝሮ ያሳያል። ይህን ሳያዩ «አጽዳ» የሚሉ ሰዎች የተቀመጡ የይለፍ ቃሎቻቸውን አጥተው አይቻለሁ።

ዲስኩ ከቢሮ ለዘለቄታው የሚወጣ ከሆነ ግን ፋይል በፋይል መልቀም አያስተማምንም፤ ዲስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጻፍበት። ልጁ ኮምፒውተሩን ሊኑክስ ካለበት ፍላሽ አስነሣ። ከሽሬድ ቀጥሎ አንድ ዙር የዘፈቀደ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዙር ዜሮ እንዲጽፍ፣ ሂደቱንም እንዲያሳይ አዘዘው። የዲስኩን ስም ሊጽፍ ሲል ግን እጁ ቆመ።

ሊኑክስ ዲስኮችን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እያለ ይጠራል። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። ሽሬድ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ልጁ ሥራ በጀመረበት ዓመት የደንበኛውን አሮጌ ዲስክ አጠፋለሁ ብሎ አዲሱን፣ የሠርግ ፎቶዎች ያሉበትን፣ ደምስሶት ነበር። «ሙሽሪት መጥታ እዚሁ አለቀሰች፤» አለኝ፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልማዱን ለውጧል። የማይጠፋውን ዲስክ ሁሉ ይነቅላል። የቀረውን በመጠኑና በመለያ ቁጥሩ ያረጋግጣል፤ ቁጥሩን ጀርባው ላይ ካለው ጋር ጮክ ብሎ ያነጻጽራል። እትዬ ቁጥሩን ከዲስኩ ላይ አነበቡለት፣ እሱ ከስክሪኑ መለሰላቸው፤ ልክ ነበር። ኢንተር አለ።

ስንት ዙር ይበቃል የሚለው ብዙ የተወራበት ነው። ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረበው ጥናት በማግኔት ዲስክ ላይ የተጻፈ ነገር እላዩ ከተጻፈበትም በኋላ ደካማ ጥላ ሊተው እንደሚችል፣ በልዩ ማይክሮስኮፕም ሊነበብ እንደሚችል ተከራከረ፤ ልክ በብራና ላይ እንደቀረው የተፋቀ ስም። ለዚያ ዘመን የዲስክ ዓይነቶች ሁሉ የሚሆኑ 35 ዙሮችን ዘረዘረ። ሰዎች ግን ሠላሳ አምስቱንም እንደ ጸሎት ለማንኛውም ዲስክ ይደግሙት ጀመር። ጉትማን ራሱ ኋላ ለዘመኑ ዲስክ ይህ እንደማያስፈልግ ጽፏል። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሻሻለው መመሪያው ለማግኔት ዲስክ አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ በቂ መሆኑን ገልጿል። ይህ አሶሳ ላይ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ የላፕቶፕ ዲስክ በሰከንድ 80 ሜጋባይት ቢጽፍ አንዱ ዙር 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጃል። 35 ዙር ሁለት ቀን ተኩል ነው። ሁለት ቀን ተኩል መብራት ሳይጠፋ!

የኛም መብራት 41 ከመቶ ላይ ጠፋ።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ስክሪኑ ጨለመ፣ ማራገቢያው እየተንገዳገደ ቆመ። በዝምታው ውስጥ ከመንገዱ ማዶ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ቀረ። እንዲህ ያለው ግማሽ መንገድ ከመጀመሪያው ይልቅ አታላይ ነው። ማውጫው ያለው በዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ቀድሞ ይጠፋል። ዲስኩን ዊንዶውስ ላይ ቢሰኩት ገና ያልተዘጋጀ ባዶ ዲስክ አድርጎ ያየዋል፤ ያየ ሰው አልቆለታል ይላል። ያልተነካው 59 ከመቶ ግን ለፎቶሬክ ክፍት ነው። ሽሬድም ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ መጀመር ነው።

መብራት እስኪመጣ እትዬ ስለ ፍላሽ ጠየቁ፤ ቢሮ ውስጥ አንድ መሳቢያ ሙሉ አለ። እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር መናገር ነበረብኝ። ፍላሽና ኤስኤስዲ እንደ ማግኔት ዲስክ አይደሉም። ውስጣቸው ያለው ተቆጣጣሪ አንዱ ክፍል ቶሎ እንዳያልቅ ጽሑፉን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል፤ «በዚህ ፋይል ላይ ጻፍበት» ሲባል አዲስ ቦታ ላይ ጽፎ አሮጌውን እንዳለ ሊተወው ይችላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንን ፈትነው ነበር። አንድን ፋይል ብቻ ለይቶ ለማጥፋት የሞከሩት መንገድ ሁሉ ከሸፈ፤ በኤስኤስዲዎቹ ላይ ከፋይሉ ይዘት ከ4 እስከ 75 ከመቶ የሚሆነው ቀርቷል። ለኤስኤስዲ በራሱ በዲስኩ ውስጥ የተሠራውን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም ይሻላል። ለፍላሽ ሙሉውን ሁለት ጊዜ መሙላት አብዛኛውን ይሸፍናል፤ የታማሚ ስም የነበረበት ከሆነ ግን ከዚያም በኋላ ውስጧ ያለችውን ጥቁር ቺፕ መስበር ነው። ማቃጠል አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

«ታዲያ ከመጀመሪያው ምን ማድረግ ነበረብን?» አሉ።

ከመጀመሪያው ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ መዝጋት ነበረብን። በዊንዶውስ ፕሮፌሽናል ቢትሎከር፣ በሊኑክስ ለክስ አለ። የተቆለፈ ዲስክ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ገና ሲጻፍ ትርጉም የለሽ ነው። በመጨረሻው ቀን ቁልፉን ብቻ መደምሰስ ይበቃል፤ ያ ሴኮንድ ነው የሚፈጀው፣ መብራትም አያስጠብቅም። ስልኮች ወደዚህ ሄደዋል፤ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ አዲስ የሚወጡ ስልኮች ሁሉ የተቆለፉ ሆነው እንዲመጡ ግዴታ ነው። የፋይዳ መታወቂያም ብሔርን አይጠይቅም፤ ያልተሰበሰበ መረጃ የሚደመስሰው አያስፈልገውም። የወረዳ ላፕቶፖች ግን አሁንም ተከፍተው ነው የሚሠሩት፤ እስከዚያ ድረስ ሥራው እንዲህ ያለ ጥቁር ስክሪንና ትዕግሥት ነው።

* * *

መብራት ሲመጣ መሽቷል። ልጁ እንደገና ከመጀመሪያ ጀመረ። ከውጭ የቡና ሽታ መጣ፤ እትዬ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እኔ አራት ሰዓት ድረስ ቆየሁ። በዋዜማው ያወጣናቸው ፋይሎች የተቀመጡበት ሁለተኛው ዲስክም ተራውን ጠበቀ። ለማየት ስንል እኛው ሌላ ቅጂ ፈጥረን ነበርና፣ ያዳንነውም መደምሰስ ነበረበት። ልጁ ሌሊቱን እዚያው ወንበሩ ላይ አሳለፈ። ማንም አልጠየቀውም፤ ማንም አልከፈለውም። «መብራት ደግሞ ቢጠፋ አላውቅማ፤» ነበር ምክንያቱ።

ጠዋት ሦስታችንም ተገናኘን። የቀረው ማረጋገጥ ነው። ዲስኩን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው የሚያነብና ይዘቱን በቁጥር የሚያሳይ ሄክስደምፕ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ልጁ ከንጋት በፊት አስጀምሮት ስንደርስ ጨርሷል። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ነበር። የመጀመሪያው በዜሮዎች የተሞላ ነው። ሁለተኛው ላይ አንዲት ኮከብ ብቻ አለች። ሦስተኛው የዲስኩ መጨረሻ ነው፦ 7470ሲ06000፤ በእኛ አቆጣጠር 500,107,862,016።

«ኮከቧ ምንድን ናት?» አሉ እትዬ።

«ከላይ ያለው መስመር እስከ መጨረሻው ያው ነው ማለት ነው እትዬ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።»

«ሌላ ምንም?»

«ሌላ ምንም።»

ከቦርሳቸው የንብረት ማስወገጃ ቅጹን ቅጂ አወጡ። የዲስኩን መለያ ቁጥር ከጀርባው ላይ እያዩ በእጃቸው ጻፉበት። ቅጹ ላይ ለሚቀጥለው ነገር ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ ከፊርማው በላይ ባለው ባዶ ኅዳግ ላይ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያሳመሩ፣ «በውስጡ የነበረው መረጃ ተደምስሷል» ብለው ጻፉ፤ ቀኑን አስቀመጡና ልጁንም በምስክርነት አስፈረሙት።